ጭኮ የበላችው ጥንቸል

ሰው የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ፣ ከሮቤ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ምሥጢር ደብቆ አይዘልቅም። ሰዉ ተጠጋግቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚሄደው፤ በጎረቤትህ ኪስ ያለው ቁልፍ እንኳ አንተን ይቆረቁርሃል።

ኦቦ ቱፋ ይህን አጥተውት አይደለም። ጭንቀት ግን ብልሁን ሰው ሞኝ ያደርገዋል። ያን ጠዋት ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፈው፣ በላዩ ላይ ጋቢያቸውን ጥለው፣ ከመስኮቱ ጥግ ተሸጉጠው ተቀመጡ። እስቲ ተመልከቱ! ሁለት ጎሳ ሲጣላ በመኪና ተወስደው የሚያስታርቁ፣ አንድ ቃል ሲናገሩ አዳራሽ ዝም የሚልላቸው ሽማግሌ፣ እንደ ዶሮ ሌባ ዙሪያቸውን ይገላመጣሉ።

መኪናው ሊነሳ ሲል አንዲት ወጣት ሮጣ ገባችና ያለችው አንዲት ክፍት ቦታ ከሳቸው ጎን ሆነች።

«አሰላሙ አለይኩም አባ ቱፋ! አካም ጅርቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ፤ በልባቸው ግን «ዛሬስ አለቀልኝ» አሉ።

ልጅቷ ኢብቲሳም ትባላለች፤ የጎረቤታቸው የሳላሀዲን ልጅ ናት። የእንስሳት ሕክምና ተምራ፣ ጎባ ባለው የእንስሳት ክሊኒክ ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። በተመረቀች ጊዜ ኦቦ ቱፋ ድግሱ ላይ ተቀምጠው፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው የላም ጭራ ለመያዝ ነው እንዴ? ይሄንንማ እኛ ቤት ሕፃን ያውቀዋል» ብለው ሰውን አስቀውባታል። እሷም አብራ ስቃ ነበር፤ ቃሉ ግን ከሆዷ አልወጣም።

የሮቤን ከተማ ለቅቀው ትንሽ እንደሄዱ ቅርጫቱ ኮሽ አለ።

«አባ፣ ዶሮ ነው እንዴ የያዙት?»

«አዎ፣ ዶሮ ነው።»

መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ጋቢው ተንሸራተተ፤ ከክዳኑ ሥር ነጭ ረጅም ጆሮ ብቅ አለ። ኢብቲሳም ጆሮውን አየች፤ ሽማግሌውን አየች።

«ይሄ ጆሮ ያለው የዶሮ ዘር ባሌ መግባቱን እኛ ሳንሰማ» አለች በትሕትና።

ኦቦ ቱፋ ሊቆጡ ፈልገው አልሆነላቸውም። ፊታቸው ላይ ያየችው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

«ሚልኪ ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዙቤዳ ጥንቸል። ታመመችብኝ ልጄ።»

አደ ዙቤዳ ባለቤታቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ድንገት ወድቀው ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። እግራቸው በዱላ እሺ አለ፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ተጨበጠ ቀረ። በቀኙ ለበላ፣ በቀኙ ሰላም ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግራቸው መጉረስ አፈሩና ከሰው ፊት መብላት ተዉ፤ በግራቸው መጨበጥ አፈሩና እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ መግባት ጀመሩ። ታዲያ ልጃቸው ሻፊ ከአዳማ ሲመጣ ነጭ ጥንቸል ይዞ መጣ። ኦቦ ቱፋ «ወይ አትታለብ፣ ወይ አታርስ» ብለው ተሳለቁበት። በኋላ ግን አንድ ቀን በበሩ ሲያልፉ፣ ሚስታቸው በዚያ በተጨበጠ እጅ ቁራሽ ዳቦ ለጥንቸሏ ሲዘረጉ፣ ጣቶቹም አንድ በአንድ ሲላቀቁ አዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚልኪ በዚያ ቤት ከበሬም ከበቅሎም በላይ ሆነች።

«ምን ሆነችብዎ?» አለች ኢብቲሳም።

«ከትናንት ጀምሮ አፏን ዘግታለች። ጥግ ይዛ ተኮራምታ ጥርሷን ታፋጫለች። ሆዷም እንደ ከበሮ ሆኗል። ዙቤዳ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። አሁን ወዚር ዘንድ እየወሰድኳት ነው።»

ወዚር በጎባ ዙሪያ ስሙ የታወቀ ከብት ተኳሽ ነው፤ ያበጠውንም የነፋውንም በጋለ ብረት ነው የሚያክመው።

«አባ! ሊያስተኩሷት ነው?»

«ምን አለበት? በሬዬን ተኩሶ አድኖልኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዳነው በሬ ወሬው አገር ያዳርሳል። ተተኩሶ የሞተውን ማን ያወራዋል? ደግሞ የበሬ ቆዳ ጫማ የሚሠራበት ነው፤ የሷ ቆዳ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ጥንቸል ድንጉጥ ናት፤ ብረቱ ሳይነካት በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች።»

ኦቦ ቱፋ ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። ኢብቲሳም ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ለመሆኑ ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች።

ይህን ጊዜ ሽማግሌው ቀና አሉ። የሚያኮራ ጥያቄ ነዋ!

«ሚልኪ ያልበላችው ምን አለ? ትኩስ የስንዴ ዳቦ፣ ቂንጬ በቅቤ። ዘመድ ከሪራ መንደር ማር ሲልክ እሷም ትልሳለች። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ ጭኮ።»

«ጭኮ!»

ጭኮ በዚያ አገር የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የሚለወስ፣ ለአራስና ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። ፊት ያለው ተሳፋሪ ዞር ብሎ፣ «ወላሂ፣ እኔ ከሠርጌ ወዲህ አልቀመስኩም» አለ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ኢብቲሳም አልሳቀችም። «ሳርስ?»

«ሳር?» ኦቦ ቱፋ በእውነት ተቀየሙ። «ምን ነካሽ ልጄ? በቱፋ ቤት እንግዳ ሳር አይበላም!»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በእኒህ ሰው ቤት ክፋትም ንፉግነትም የለም፤ ያለው የተትረፈረፈ ፍቅር ነው። ፍቅር ግን ዕውቀት ሲያንሰው እንደሚገድል ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የልጁን ሆድ በቅቤ የሚያጨናንቅ ወላጅ፣ ስኳር ላለበት በሽተኛ ለስላሳ ተሸክሞ የሚሄድ ጠያቂ፣ ሁሉም የሚያደርገው አክባሪ ነኝ ብሎ ነው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ኢብቲሳም። በመስኮቱ ማዶ ኮምባይነር ስንዴ እያጨደ አቧራውን ያጨሳል። «ላም ጎተራ ሰብራ ገብታ ስንዴ ብትጠግብ ምን ትሆናለች?»

«ይሄም ይጠየቃል? ትነፋለቻ! ካልደረሱላት ትሞታለች።»

«ስንዴ መርዝ ነው እንዴ?»

«መርዝ አይደለም። ሆዷ የተፈጠረው ለሳር ነው እንጂ...» ብለው ሳይጨርሱ ቆሙ። ቅርጫቱን አዩ። ልጅቷን አዩ።

ልጅቷ ዝም አለች። መምህር ያደረጋት ይህ ዝምታዋ ነው፤ ሌላ ቢሆን «አላልኩዎትም?» ይል ነበር።

ሽማግሌ ግን በአንድ ምት አይረታም። «ላም ሌላ፣ ጥንቸል ሌላ!» አሉ። «ላም ታመሰኳለች። ሚልኪ ስታመሰኳ አላየሁም።»

«በራሷ መንገድ ታመሰኳለች። ጎህ ሲቀድ ከሥሯ አንስታ የምትበላው ነገር የለም?»

ኦቦ ቱፋ በኀፍረት ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህን ማን ነገረሽ? ለነፍስ አልተነፈስኩም! ያበደች መስሎኝ ጠዋት ጠዋት አፏን ለብ ባለ ውሃ ሳጥባት ከረምኩ።»

«አላበደችም፤ እሱ ጤናዋ ነው። ያ ለስላሳው ነገር ሆዷ ገና አንድ ጊዜ ያየው ምግብ ነው፤ ላሟ ከሆዷ መልሳ እንደምታኝከው፣ እሷም መልሳ ትበላዋለች። ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ሞረዱ ሳር ነው። ሳር ካጣች ሆዷ ይሰንፋል፤ ጥርሷ ይረዝማል። አሁን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ላም አንድ ቀን ብትጾም ትችላለች። ጥንቸል ስትጾም አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ሕመሟንም ትደብቃለች፤ ዱር ውስጥ ታማ የታየች ትበላለቻ! ስለዚህ እኛ ስናውቅ ብዙ ጊዜ አልፏል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ? እኔ ዘንድ እንውሰዳት አባ።»

«አንቺ ዘንድ?» ኦቦ ቱፋ ወደ ተሳፋሪው አጮልቀው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ክሊኒኩ በር ላይ በሬና በቅሎ ይዞ የሚቆመው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ቱፋ ጥንቸል ታቅፎ ወረፋ ያዘ ሲባል፣ ነገ ለዕርቅ ስቀመጥ ማን ይሰማኛል? ወዚር ግን በጓሮ በር ያስገባኛል።»

«በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ከእርስዎ ነው የሰማሁት።»

«እሱ ለሰው ነው።»

«እኔም ለሰው ነው ያልኩት አባ» አለች።

ጎባ ደርሰው ወረዱ። ከተራራው የሚመጣው ብርድ ጋቢ ሰንጥቆ ይገባል። የወዚር ቤት በላይኛው መንገድ፣ ክሊኒኩ በታችኛው ነው። ኦቦ ቱፋ መሐል ላይ ተገተሩ። ኢብቲሳም እጃቸውን አልጎተተችም፤ ቆማ ጠበቀች። ያኔ ስልካቸው ጮኸ።

«የሻፊ አባት» አሉ አደ ዙቤዳ። «ሚልኪ በላች?»

«ገና ነን። ማን ደወለልሽ?»

«ራሴ ነኝ። የሚደውሉልኝ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። በቀኜ ይዤ በቀኜ ነካሁት። ሁለቴ ወደቀብኝ፤ በሦስተኛው እሺ አለ።»

 ኦቦ ቱፋ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ታችኛውን መንገድ ያዙ። ኢብቲሳም ሮጣ ደረሰችባቸው።

የፈሩት አልቀረም። በክሊኒኩ በር ጀሊል የሚባል፣ የሚያነክስ በሬ የያዘ ገበሬ፣ «ኦቦ ቱፋ! ምን ይሆን የታቀፉት?» ብሎ ጮኸ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞረ።

ሽማግሌው ጋቢውን ከቅርጫቱ ላይ አነሱት። «ጥንቸል ናት» አሉ፣ አዳራሽ ዝም በሚልበት በዚያ ድምፅ። «የባለቤቴ ናት። ታማለች።»

ጀሊል ሊስቅ የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያም በሬውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ፣ «እንግዲያው ይቅደሙ» አለ።

ኢብቲሳም ሚልኪን በፎጣ ጠቅልላ ሆዷን ደባበሰች፤ በማዳመጫ አዳመጠች፤ ጥርሷን አየች። ሕመም የሚያስታግስ መርፌ ወጋቻት፤ ለብ ያለ ግሉኮስ ከቆዳዋ ሥር ሰጠቻት። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ ከጎኗ አኖረች፤ ከፊቷም ደረቅ ሳር ዘረጋች። «አንጀቷ ከተነሳ በጠጥ ትጥላለች» አለች። «ካልተነሳ... አባ፣ አልዋሽዎትም፣ ልትሞት ትችላለች። አሁን ዱዓ ያድርጉ፤ እኔም እያየኋት ነው።»

ቀኑ ረዘመ። ኦቦ ቱፋ በስፌድ ሥር ጫጩት እንደምትጠብቅ ዶሮ ከቅርጫቱ አልራቁም። ጀሊል የበሬው እግር ታጥቦ ከታሰረለት በኋላ መሄድ ሲገባው ቀረ። በቅሎ ያመጣው፣ ፍየል ያመጣችው፣ ሁሉም እየመጣ «ጣለች?» ይላል። ጸሐይ ወደ ምዕራብ ስታጋድል ሚልኪ አፍንጫዋን ነቅነቅ አደረገች፤ አንዲት ሰበዝ ሳር ጎተተች። ክርትፍ፣ ክርትፍ፣ ክርትፍ። ከዚያ ቆይቶ ከሥሯ አንዲት ትንሽ ጥቁር ፍሬ ተንከባለለች።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ኦቦ ቱፋ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ጣለች! ወላሂ ጣለች!» ጀሊልም አጨበጨበ። አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ በአንዲት በጠጥ ምክንያት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሲያመሰግኑ ያየ አንድም ሰው አልሳቀባቸውም።

ሲመለሱ ጋቢው ትከሻቸው ላይ፣ ቅርጫቱ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ጆሮዋ ቢወጣም አልሸፈኑትም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሮቤ ያውቀዋል። ወሬውን በገበያው ያዳረሰው ጀሊል ነው። ስማቸውን ያጠፋል ተብሎ የተፈራው ወሬ ሰዉን ወደ ክሊኒኩ መራ፤ «ቱፋ በጥንቸል ካላፈሩ እኛ በራሳችን ከብት ምን ያሳፍረናል?» እያለ ዶሮውንም ጠቦቱንም ሳይብስበት የሚያመጣው በዛ። በኦቦ ቱፋ ቤት ዳቦና ጭኮ ለሰው ቀረ፤ ለሚልኪ ሳር ሆነ። ታዲያ ሳሩን ማን ይንቀል? አደ ዙቤዳ ናቸዋ! ዳቦ መዘርጋት ጣት ይከፍታል፤ ሳር መንቀል ግን ጣት መጨበጥም መጎተትም ይጠይቃል። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ጓሮ ወርደው እየተራገሙም እየሳቁም ይነቅላሉ።

ኦቦ ቱፋም ለዕርቅ ሲቀመጡ አንድ አዲስ ነገር ጨምረዋል። «እንግዳን ማክበር ማለት እኔ የምወደውን ማብላት መስሎኝ ነበር» ይላሉ። «አይደለም። ለእሱ የሚስማማውን መጠየቅ ነው። ይህን ያስተማረችኝ የላም ጭራ ትይዛለች ብዬ የሳቅኩባት ልጅ ናት።»

አንድ እሑድ ኢብቲሳም ሚልኪን ልታይ መጣች። አደ ዙቤዳ ወደ ጓዳ አልገቡም። ዱላቸውን በግራቸው ይዘው ከደጃፉ ጠበቋት፤ ሳር አረንጓዴ ያደረገውን ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ዘርግተው፣ ጨበጧት።