ማልልኝ ያለኝ ጎረቤቴ

በኛ ጊዜ የወባ ሠራተኛ በር አያንኳኳም ነበር፣ ተከፍቶ ነው የሚጠብቀው። እኔ የጀጎልን ቤቶች ግድግዳ የወባ መድኃኒት ስረጭ ነው ያረጀሁት፣ መርጫውን በጀርባዬ አዝዬ ያልገባሁበት ቤት የለም፣ እና ሴቶቹ ስፌታቸውን ከግድግዳው አውርደው፣ ሳህናቸውን አውርደው «ና ተክሌ፣ ግባ» ነው የሚሉኝ። ታዲያ ኮሮና የመጣ ጊዜ በሩ ሁሉ ተዘጋ። ተዘጋ ስልሽ ተዘጋ። ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፣ ሀያት የምትባል የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን መጣችና «ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎን ሰው ያውቅዎታል፣ እባክዎ አብረውኝ ይዙሩ፣ ለኔ የሚከፍት ጠፋ» አለችኝ። እሷ ጣት ወግታ ደሙን እዚያው ታያለች፣ ወባ ከሆነ ኪኒኑን እዚያው ትሰጣለች፣ በቃ ሥራዋ ይኸው ነው። ኮሮና መጣ ብሎ ወባ አይቆምማ። ግን ያን ጊዜ ትኩሳት አለኝ ያለ ሰው ለይቶ ማቆያ ይወሰዳል፣ እዚያ ከሞተ ደግሞ የሚቀብሩት እነዚያ ከላይ እስከ ታች ላስቲክ የለበሱት ናቸው ይባል ነበር። እና ሰው ትኩሳቱን እንደተሰረቀ ዕቃ ደበቀው።

አው አብዱላሂ፣ «አው» ለትልቅ ሰው የሚባል ነው፣ ጎረቤቴ ነበር፣ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። የአፎቻ ሰብሳቢ ነበር፣ አፎቻ ያው እንደኛ ዕድር ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው፣ ስንቱን ጀናዛ በትከሻው ተሸክሟል። ታዲያ ያን ሰሞን ማሽላ ሊያዘራ ኤረር ወረደ፣ ቆላ አድሮ መጣ፣ ከመጣ በኋላ ከቤት አልወጣ አለ። ባለቤቱን ፋጡማን «ምን ሆነ?» ስላት «ደክሞት ነው» ትለኛለች፣ ዓይኗን አታሳየኝም። እኔ ግን ጥርሱ ሲንገጫገጭ በመስኮት እሰማለሁ እኮ።

ሀያትን ይዤ ሄድኩና አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ተክሌ ነኝ። ሀያት ደምህን ትይልህ፣ ወባ ነው የያዘህ።»

«ሂዱልኝ፣ ምንም የለብኝም።»

«አብዱላሂ፣ ከቆላ ነው የመጣኸው፣ ያንቀጠቅጥሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው።»

ወደ በሩ ተጠግቶ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ እንዲህ እንደማወራሽ፣ «ተክሌ፣ ሞትስ አላህ ያለው ቀን ነው። እኔ የምፈራው ያለ ሰው መቀበርን ነው። ኮሮና አለመሆኑን በማርያም ማልልኝና እከፍታለሁ» አለኝ።

እንዴት ልማል? ወባ ነው እላለሁ፣ ግን ኮሮና ቢሆንስ? ማርያምን ጠርቼ የማላውቀውን ልማል? «ደምህ ይታይና ያኔ እምላለሁ» አልኩት። «እንግዲያው ሂዱ» አለ።

ሰነበተና ፋጡማ ራሷ ከፈተችልን። ሰውየው እኛን አያውቀንም፣ የሞተች እናቱን ይጠራል። ሀያት ጣቱን ወጋችው፣ ወባ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ሆስፒታል አደረስነው፣ አልተረፈም። ኮሮናም መረመሩት፣ የለበትም።

ታዲያ ቀብሩስ? መሰብሰብ ተከልክሏል፣ በወባ ሙት በኮሮና ሕጉ አንድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዉ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይሞላ ነበር። ያን ቀን ጥቂት ሰዎች ተሸከሙት፣ አፎቻው በየበሩ ቆሞ ነው የሸኘው። እኔም በሬ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። የፈራውን ሊያመልጥ ሲል ሞተ፣ የፈራውም አልቀረለትም።

ፋጡማ የሀዘን ጊዜዋን ስትጨርስ ክረምቱ ወጥቶ ወባው በርትቷል፣ ሀያትን «እኔም እዞራለሁ» አለቻት። አንድ ቀን አቦከር ሰፈር አንድ ቤት ሄድን፣ ልጅቷን ትኩሳት ይዟታል፣ እናትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «ኮሮና አይደለም በይኝ፣ ወላሂ በይኝ» አለች። ፋጡማ ቀጥ ብላ «ወላሂ አይደለም፣ ወባ ነው» አለች። በሩ ተከፈተ፣ ሀያት ገባች።

እኔ ደነገጥኩ። «ፋጡማ፣ ደሙ ሳይታይ ወላሂ ይባላል?» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። «ወንጀሉ በኔ ይሁን። አንተ መሐላህን ይዘህ ቀረህ፣ እኔ ባሌን ቀበርኩ» አለችኝ።

የልጅቷ በሽታ ወባ ሆኖ ተገኘ፣ ኪኒኑን ውጣ ዳነች። ባይሆንስ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ፣ ብምልለት አብዱላሂ ይከፍትልኝ ነበር እላለሁ። አንቺ ብትሆኚ ትምይለት ነበር?

«እምልለት ነበር፣ አባባ።»

አሁን ቁጭ ብለሽ ነዋ፣ ልጄ። በሩ ላይ ቆመሽ ስትጠየቂ ነው የምታውቂው።