ውሻውን ትቶ የማይሻገር ሰው

— ሄሎ? ... አቤት ... ማን ልበል? ... ውይ፣ ሚጢጢ፣ አንተ ነህ እንዴ።

ጠራዧ መርፌዋን ከምትጠርዘው መጽሐፍ ጀርባ ላይ ሰክታ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ያዘችው። ደዋዩ የእህቷ ልጅ ነው፤ አናቱ የበር ጉበን የሚነካ ጎልማሳ ቢሆንም ለእሷ ዛሬም ሚጢጢ ነው። እንጀራው የኮምፒውተር ጌም መሥራት ነው። ባሏ ሰዓሊው ጀርባውን ሰጥቷት መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ የልጁን ስም ሲሰማ ጆሮው ቆመ።

— እኔ ደህና። ድምፅህ ግን ምነው፣ ሰው ቀብሮ እንደመጣ? ... አልመጣም? የት ነው የማትመጣው? ... ቆይ፣ ቆይ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቅሃል እኮ። ያ ሁሉ ወንበር የተደረደረው ለማን ነው፣ ለእኔ ሙጫ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት «ጨዋታ ጥበብ ነው ወይ?» የሚል ክርክር አዘጋጀና ሰዓሊውን በአንድ ወገን፣ ጌም ሠሪውን በሌላው ወገን፣ እሷን ደግሞ አወያይ አድርጎ መሃል አስቀመጠ። ባለፈው ሳምንት በመጀመሪያው ዙር ሰዓሊው የልጁን ሥራ «የሥራ ፈት ጣት መጫወቻ» አለው። ልጁም ብድግ ብሎ የሰዓሊውን ሥዕሎች «ግድግዳ ላይ የደረቀ ቀለም» አላቸው። እርሳስ አያያዝ ያስተማረውን ሰው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለ። ዛሬ ሁለተኛው ዙር ነው፤ ልጁ ከቀረ ኩርፊያው ቤት ሠርቶ እንደሚቀመጥ እሷ ታውቃለች።

— ስማኝማ፣ አንድ ጉድ ልንገርህ፣ እንዳትስቅ ብቻ። አወያይ ሁኚ ሲሉኝ እሺ ያልኩት ለምን ይመስልሃል? ... አይደለም። «ጨዋታ ጥበብ ነው ወይ» ሲሉ እኔ የወሬ ጨዋታ መስሎኝ ነዋ። ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚጫወተው ... ሳቅ፣ ሳቅ፣ ይውጣልህ። ሁለት ገጽ ጽፌ ነው የሄድኩት። «ጨዋታ አዋቂ የሰው አፍ አይነጥቅም» ምናምን እያልኩ። መድረክ ወጥቼ ያን ትልቅ ስክሪን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ... ምን አደርጋለሁ፣ ወረቀቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ሳስበው ግን ባነብላችሁ ይሻል ነበር። ጨዋታው ላይ ስትፋጠጡ ጨዋነቱን ወንበር ሥር ጥላችሁት ነበራ።

ልጁ ሳቁን ሲጨርስ ወደ ክሱ ተመለሰ።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ... አዎ፣ እሱ ነው የጀመረው። የትልቅ ሰው ጥፋት ደግሞ እንደ ዕድሜው ነው፣ ነግሬዋለሁ። ... አንተ እዚያ ምን ታጉረመርማለህ? ስምህን ማን ጠራ? ... ለአንተ አይደለም ልጄ፣ ለሱ ነው። እዚሁ አለ። መንገድ የሚያይ መስሎ ተቀምጧል። ... ልንገረው? አልንገረው?

ጥያቄው ለባሏ ነበር፤ የሰዓሊው ትከሻ ተሰበሰበ። እሷም ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ባሏ እንዳያመልጠው ያህል ብቻ።

— ያንን ጌምህን ሦስት ቀን ሙሉ እየተጫወተው ነው። ... እውነቴን ነው፣ በእኔ ስልክ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰቅሎ። እንከን ላግኝበት ብሎ ነው የጀመረው። አሁን ጌሙ ውስጥ ያለው ወንዝ ጋ ቆሟል። ... ኧረ መውጫው ጠፍቶት አይደለም፣ ጀልባው ላይ ይወጣል። ተከትሎት የመጣውን ውሻ ትቼ አልሻገርም ብሎ ነው። ይወጣል፣ ዞሮ ያየዋል፣ ይወርዳል፣ ይዳብሰዋል፣ ደግሞ ይወጣል። ትናንት ምሳው ቀዘቀዘበት።

ሰዓሊው ሳይዞር አንድ ነገር ጠየቀ።

— ሚጢጢ? ... አለህ? ውሻውን ይዞ መሻገር አይቻልም ወይ ይላል። ... አይቻልም? ... ሆን ብለህ ነው? ... እንዴ።

ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ልጁ ሰባት ዓመቱ ሳለ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ውሻቸውን ጎረቤት ጋ ትተው መሄዳቸውን እሷም ታስታውሳለች። እሱ ስለዚያ ቀን ለሰው የሚናገርበት ቃል ስላጣ ነው ጌሙ ውስጥ ጀልባውን የሠራው። የሚጫወተው ሁሉ ግን ዘሎ ይወጣል፣ ይሻገራል፤ ተመልሶ የወረደ ሰው አለ ሲባል ገና ዛሬ መስማቱ ነው። ይህን ሁሉ ለባሏ ደገመችለት። ሰዓሊው ተነስቶ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ፣ ቀስ ብሎም ተናገረ።

— በል ስማ፣ እንዳለ ነው የማደርሰው። «ሥራ ፈት ያልኩትን አንስቻለሁ። ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት አነሳዋለሁ» ይላል። ... ቆይ፣ አልጨረሰም። «ጥበብ ነው የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም» ይላል። ... አንተስ? ... እሺ ... እሺ። አንተ ሰዓሊ፣ ልጁም የደረቀ ቀለም ያለውን አንስቷል፣ ሰማህ? አጠገብህ ይቀመጣል። ግን አልረታለትም ይላል።

ሰዓሊው ጉሮሮውን ጠራረገ።

— በል አሁን ተነስና ፊትህን ታጠብ። ... ምን? ክርክሩንም አብሮ ቢያነሳውስ? ... ሂድ ወዲያ። ክርክሩን ካነሳማ እኔ ምኑን ላወያይ ነው? ... ና በል። ቻው።

ስልኩን ዘጋችው። ሰዓሊው ነጩ ሸሚዙ የት እንዳለ ጠየቃት።