ብርድ ልብስ የለበሰው ሳፋ

ሽማግሌው ፎቶ አንሺ በሁለቱም እጃቸው የፈላ ውሃ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥለው ደረጃውን ሲወጡ፣ ከጎረቤታቸው ከፋርማሲስቷ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ። እሷ ክትባት በበረዶ ታሽጎ የመጣበትን ባዶ የፎም ሳጥን ልትጥል እየወረደች ነበር።

«ዘወር በይ ልጄ፣ እንዳላቃጥልሽ!»

«ደግሞ ምን ሊቀቅሉ ነው ጋሼ?»

«ራሴን!»

ምስኪን፣ እውነታቸውን ነው። የአንድ ሰርግ ፊልም ሲያጥቡ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት የተቀመጠበት ውሃ በርዶባቸው ሙሽሪት አረንጓዴ ሆና ወጥታለች። የቀራቸው አንድ ያልታጠበ ጥቅል ፊልም ብቻ ነው። ከሰርጉ ወዲህ ደግሞ የሙሽሪት እናት በድንገት አርፈዋል፤ የመጨረሻ ፎቷቸው ያለው እዚያ ጥቅል ውስጥ ነው። ይህም ከተበላሸ ልጅቷን በምን ፊታቸው ያዩዋታል?

ፋርማሲስቷ ጉዳዩን ስትሰማ ሳጥኗን እንደተሸከመች ተከትላቸው ገባች። የመድኃኒቱ ጠርሙሶች ስስ የብረት ሳፋ ውስጥ እስከ አንገታቸው ቆመዋል። ሽማግሌው የፈላ ውሃ ሲጨምሩ ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ይመነጠቃል፤ ዞር ሲሉ ቁልቁል ይወርዳል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ቢበርድ ምን ይገርማል? ሳፋው ስስ፣ አፉ ክፍት፣ የተቀመጠው ሲሚንቶ ላይ! እዚህ ሳጥን ውስጥ ያስገቡት።»

«የበረዶ ሳጥን ውስጥ? አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ! በረደብኝ ብዬ ስጮህ ጭራሽ ታቀዘቅዢልኛለሽ?»

«ሳጥኑ እኮ ራሱ አያቀዘቅዝም። ሥራው የያዘው እንዳያመልጥ መከልከል ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሰጡት ቀዝቃዛ፣ ሙቅ ቢሰጡት ሙቅ ያቆያል።»

«ፀጉሬ የሸበተው እኮ በዚህ ሳፋ ላይ ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ማታ የሚለብሱት ብርድ ልብስ ውስጡ እሳት አለው?»

«ከየት አምጥቶ?»

«ታዲያ ምን ያሞቅዎታል?»

«የገዛ ገላዬ ነዋ...» አሉና ሳጥኑን ገልበጥ አድርገው አዩት። ሰው የለመደውን በቀላሉ አይለቅምና አትፍረዱባቸው።

«ፊልሙን ሳንነካ በውሃው ብቻ እንሞክረው» አለች። ሳፋውን ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ ክፍተቱን በአሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቁ፤ ክዳኑን ለጠርሙሶቹ አንገትና ለቴርሞሜትሩ በስተው ከደኑ። ሽማግሌው ቴርሞሜትሩ ላይ አፈጠጡ። ቆዩ። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ተበላሸ መሰለኝ፤ አልንቀሳቀስ አለ!»

«አልተበላሸም ጋሼ! ውሃው ነው ያልበረደው!»

«አንቺ! ቆመ እኮ! ቀጥ ብሎ ቆመ!» ሽማግሌው በደስታ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸውም። ወዲያው ፊልሙን ይዘው ጨለማ ክፍል ገቡ።

በማግስቱ ሱቃቸው የመጣ ሁሉ ትምህርቱን ሳይሰማ አልወጣም። «ሙቀት ካልሸሸ ነዳጅ አይባክን፣ ጉልበት አያልቅ፣ ደረጃ ለደረጃ መሮጥ የለ፣ ቀለሙም አይዛባ! ማሞቅ ብቻ ምን ይሠራል? ማልበስ ነው እንጂ!» ይላሉ፣ ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል። ፋርማሲስቷ ጥግ ቆማ ሳቋን ታፍናለች።

ይህን ሲሉ ሙሽሪት ገባች። ሽማግሌው ንግግራቸውን አቋርጠው ፎቶውን ሰጧት።

ልጅቷ አየችው። እናቷ አንገታቸውን ወደኋላ ጥለው እየሳቁ ነው።

«የእማዬ ቀሚስ! ልክ ይሄ ሰማያዊ ነው!» አለችና ሽማግሌው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«እኔን አይደለም ልጄ» አሉ፣ ጥግ ወደቆመችው ፋርማሲስት እየጠቆሙ፤ «እሷን ነው ማቀፍ።»