የጨመርነው ወንበር

ጦር ኃይሎች፣ የቤቴል ታክሲ ውስጥ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። ከፊቴ አንድ አዛውንት የኮምፒውተር ሳጥን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያለው ወጣት ሳጥኑን ያያል።

«ምን ሆኖ ነው አባባ?»

«የእድራችን ነው። የአባላቱ ስልክ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። እስኪከፈት ጸሎቴን አድርሼ እጨርሳለሁ። ሚሞሪ ይጨመርለት አሉኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ይዤው ተመለስኩ።»

«እኔም ጥገና ነው የምሠራው። ሚሞሪ ከገበያ ጠፍቷል። ትልልቆቹ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ካምፓኒዎች ለማሽኖቻቸው እየጠቀለሉ ይወስዱታል።»

«ፋብሪካዎቹ ታዲያ ጨምረው አያመርቱም?»

«ይፈራሉ። አዲስ ፋብሪካ መገንባት ዓመታት ይፈጃል። ተሠርቶ ሲያልቅ ፈላጊ ቢጠፋስ?»

አዛውንቱ ሳጥኑን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«ልክ ናቸው።»

«እንዴት አባባ?»

«ለቅሶ ላይ ሰዉ መቀመጫ አጥቶ ሲቆም ጊዜ አዋጥተን አግዳሚ ወንበር አሠራን። ጣውላውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወንበሩ ተሠርቶ ሲመጣ ሰፈራችን ለልማት ፈረሰ፤ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ።»

«ወንበሩስ?»

«መጋዘን ተደርድሯል። ንብረት ክፍሉ እኔ ስለሆንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አቧራውን እጠርጋለሁ። ሲደክመኝ አንዱ ላይ አረፍ እላለሁ።»

«ብቻዎን?»

«አንዱ ስምንት ሰው ይይዛል።»

ወጣቱ የሳጥኑን አንድ ጠርዝ ደገፈላቸው።

እኔም ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጬው የነበረውን ቦርሳ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት።