የሸኩር ኮምፒውተር ያልከፈተው ፕላን

አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ዙቤይዳ! ነይ ቁጭ በይ። ዝናቡ እንዴት ነው በናንተ በኩል? የኔ ጣሪያማ ያለኝን ባልዲ ሁሉ ጨርሶ አሁን ድስት እየጠየቀኝ ነው... አቮካዶሽስ ደረሰ? ማሻአላህ።

ኧረ መስኮቱን አትዝጊው! አየር ይግባ እንጂ። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ እዚያኛው ክፍል ጋደም ብሏል፣ አይሰማም። ቢሰማስ... ስለሱ የሚያወራ ማን አለ? እኔ የማወራሽ ስለ አንዲት ሌላ ሴትዮ አማች ነው። አታውቂያትም።

ሴትዮዋ ጅሬን ላይ ባሏ የተወላት ቁራሽ መሬት አለቻት። የቤቱ ፕላን እስከ ዓርብ በወረቀት ታትሞ ማዘጋጃ ቤት ካልገባ መሬቱ ይወሰዳል ተብላለች። ታዲያ ምን ቸገራት? አማቿ የአዲስ አበባ ኢንጂነር! እሳቸው... አንቱ ልበላቸው እንጂ፣ እንዲህ ያለ ሰው አንተ ይባላል? እሳቸው ሣሉላት። ሳሎኑ ብቻ የአባ ጅፋርን ግቢ ያስንቃል አሉ። ያየው ሰው ግን የለም። በምን ይታያል? ፍላሽ ውስጥ ነዋ!

ሰኞ ፍላሹን ይዘው ሸኩር ማተሚያ ቤት ሄዱ። የሸኩር ኮምፒውተር ምስኪን ነው፣ የዛሬ ስምንት ዓመቱን አውቶካድ፣ ያንን የፕላን መሣያ ፕሮግራም፣ ነው የሚያውቀው። የእሳቸው የዘንድሮ። አልከፍትም አለ። እዚያ የምትሠራው ሳቢሃ፣ ልጅቷ፣ አክብራ ምን አለቻቸው? «ኢንጂነር፣ በላፕቶፕዎ ሲያስቀምጡት የዓመቶች ዝርዝር ይወጣል። የድሮውን ዓመት መርጠው ደግመው ያስቀምጡልኝ፣ የኔም ያነበዋል።» ይኸው ነው። ሽንኩርት ከመላጥ ይቀላል። እሳቸው ግን... «የኔ ሥራ ወደ ኋላ አይመለስም!» ብለው ወጡ። ኩራት ለወንድ ልጅ ጌጥ አይደል? ማክሰኞ ተኙ። ዛሬ ረቡዕ ነው... ተኝተዋል።

ምቀኛ ደግሞ «አያውቁበትም እኮ፣ ልጅቷን አሳዪኝ ማለት አፍረው ነው» ይላል። ኡኡቴ! ኢንጂነር የማያውቀው ነገር አለ እንዴ?

እኛ ያልተማርነውማ... ማል ጎና፣ ምን እናድርግ። የሸቤ ገበሬ ማር ይዞ ሲመጣ በኦሮምኛ አዋራዋለሁ፣ ጎረቤቴን ሸዋረገጥን በአማርኛ፣ ሼኹን ባለችኝ አረብኛ። ሰው እንዲገባው ብዬ አፌን ወደሱ ቋንቋ ስመልስ አንድም ቀን ያነስኩ መስሎኝ አያውቅም። ለካ ባለመማሬ ነው! የተማረ ሰው በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ያልገባው... መሬቱን ያስረክባል። ዓባይን ያየ ምንጭ ውሃ አይደለም ይላል፣ ይባል የለ? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ... ፕላን ሠሪ አድርገው።

ቆይ... አልጋው ሲጢጥ አለ? አማቼ ተነሣ መሰለኝ። ጫማ ነው የሚፈልገው? በሩ ሥር ነው በይው። ፍላሹም ቴሌቪዥኑ ላይ አለ... የሱን ፍላሽ ማለቴ ነው፣ የሰውዬውን እኔ የት አውቄው! ሳቢሃ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አትዘጋም። ጃንጥላዬንም ይውሰድ፣ አሮጌ ነው ግን ይከፈታል።

ሄደ? ቀንቶት ይመለስ፣ የኔ ጌታ።

በይ ለዚያኛው፣ ለሴትዮዋ አማች፣ ዱዓ እናድርግላቸው። እጅሽን ዘርጊ። አላህ ልጆች ይስጣቸው፣ ከአባታቸው አሥር እጥፍ የተማሩ። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ረጅም፣ የሸኩርን ኮምፒውተር እስኪያክሉ። ልጆቻቸው ከበዋቸው ሲያወሩ፣ እሳቸው አንዱም ቃል ባይገባቸው፣ ከመሃል ቁጭ ብለው ፈገግ ይበሉ። ያን ጊዜም አጠገባቸው ጎንበስ ብሎ የሚያስረዳ ልጅ አላህ አያሳጣቸው... ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ። አሚን በይ እንጂ፣ ዙቤይዳ!