ስልክ ቤቱ ምን አለ?

ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ መንገድ በሚያሠራበት ዘመን፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ መርሻ የተበጠሰ ሽቦ ቀጥሎ ሲመለስ ጉማራ ወንዝ ዳር ከአያ ፈንታሁን ጋር ተገናኘ። አያ ፈንታሁን የቀን ሠራተኞች ካቦ ናቸው፤ መርሻ ደግሞ የዚያው የመንገድ ኩባንያ ስልከኛ። ስልክ ቤት ማለት ያን ጊዜ ከበቅሎ ጋጣ ሥር የተለጠፈች የቆርቆሮ ዳስ ነበረች። ሽቦ ሲበጠስ «ጥሩት!» ይባላል፤ ሲቀጠል «ውጣ!»። መርሻ ፊደል ቆጥሮ፣ የጣሊያን አፍ ለምዶ፣ ያተረፈው ይኸንኑ ነው። ከሽቦው ይልቅ ያደከመውም ይኸው ነው።

«አያ፣ ሰዎቹን ከወንዙ ያውጧቸው» አለ። «ሽቦውን ቀጥዬ ስሞክር የላይኛው ሰፈር ስልከኛ ነገረኝ። ጉና ተራራ ላይ ሰማዩ ተቀዷል።»

አያ ፈንታሁን ቀና አሉ። ፀሐይ ነው። ከታች ሠራተኞቹ ከወንዙ ሆድ ድንጋይ ያወጣሉ፤ የልጃቸው የውዴ ባልም አብሮ አለ።

«መሐንዲሱ ይዘዘኛ!»

«ምሳ በልቶ ተኝቷል። ዘበኞቹን ቀስቅሱት ብላቸው ‹አንተ ሽቦህን ጠብቅ› አሉኝ።»

«እውነታቸውን ነው። ያንተ ሥራ የሰው ቃል ማሳለፍ ነው፤ ማዘዝ ማን ሰጠህ? ሥራ አስፈትቼ የምገረፈው እኔ! ደግሞ የጣሊያን ሽቦ ምኑ ይታመናል?»

«ሽቦው የጣሊያን ነው፤ ውሃው የጉና። የሚወስደው ግን የእኛን ሰው ነው።»

«ወይ ምላስ! ደብተራ ብትሆን ይሻልህ ነበር።»

መርሻ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ለክርክርም አቅም ያስፈልጋል።

«ልጠይቅዎ። በአባትዎ ጊዜ ጉና ሲዘንብ የታች አገር ሰው በምን ያውቅ ነበር?»

«ከጋራ ጋራ ይጠራራላ! ‹ውሃ መጣ፣ ከብትህን አውጣ!› ብሎ ያየ ይጮኻል፤ የሰማ ለታችኛው ያቀብላል።»

«ጭቃ ሹሙን አስፈቅዶ ነው የሚጮኸው?»

«ምን ያስፈቅዳል! ሰምቶ ዝም ያለማ ይወገዛል፤ ከነፍሰ ገዳይ ነው የሚቆጠር።»

«እንግዲያ እኔን ምን ሁን ነው የሚሉኝ?»

አያ ፈንታሁን የገዛ ቃላቸው ከበባቸው። ጋቢያቸውን ጣል አድርገው አፋፉ ላይ ወጡና እንደ አባታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ፦ «ውሃ መጣ! ውጡ!»

ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። የመጨረሻው ሰው ዳገቱን ሳይጨርስ ጉማራ ግንድ ተሸክሞ፣ እያጓራ ደረሰ። ክምር ድንጋዩንም መዶሻውንም ጠራርጎ ሄደ። የውዴ ባል ዳር ቆሞ ያማትባል።

መሐንዲሱ ሲነሣ የጠየቀው ስለ መዶሻው ነው። መርሻን ያመሰገነ የለም፤ እሱም አልጠበቀም። በአገራችን ያወቀ ሰው በር ላይ መቆም ልማዱ ነው።

ሆኖም የትልቅ ሥራ ጆሮ ጋጣ ሥር ከተጣለ እግሩ ገደል መግባቱ አይቀርም። አያ ፈንታሁን ይህ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ካቦዎቹ ጠዋት ሥራ ሲደለድሉ መርሻ እንዲገኝ አደረጉ። ሐሙሲት ላይ መኪና ሲሰበር ድንጋይ ጫኙ በከንቱ ሲጠብቅ መዋሉ ቀረ፤ ስንቅ ሊያልቅ ሲል ሰው ሳይራብ ይታወቃል፤ መንገድ ሲናድ በቅሎ ሳይጫን ይሰማል።

የመጀመሪያው ጠዋት አንዱ ካቦ «ሽቦ ጠባቂም ከእኛ ጋር ሊመክር ነው?» ብሎ ሳቀ።

አያ ፈንታሁን ከተቀመጡበት ድንጋይ ፈቀቅ ብለው ለመርሻ ቦታ ለቀቁለት።

«በል ልጄ» አሉ፣ «ስልክ ቤቱ ምን አለ?»