ከበር ጀርባ ያለው ጄሪካን

«ለልጅሽ ያልሆነ ውሃ ለልጄ እንዴት ሆነ?»

ይህን የጠየቀችኝ ለተብርሃን የምትባለው ጎረቤቴ ናት፣ በሰው ፊት ነው የጠየቀችኝ፣ እኔም አልመለስኩላትም፣ እስካሁንም መልሱን አላገኘሁትም። ልጄን ማሂን ሳጥብ ይመጣብኛል፣ ወጥ ሳማስል ይመጣብኛል። ታዲያ ነገሩ የመጣው በጨዋታ ነው፣ በአያ ታከለ ጨዋታ፣ እና ጨዋታውን እሳቸው እንዳሉት አድርጌ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፣ ፊደሉ ቢሳሳት ይቅር በሉኝ።

መጀመሪያ ስለ እኛ ልንገራችሁ። የምንኖረው ገዳሪፍ ከተማ ዳር ነው። ባሌ ደሳለኝ ውሃ ይሸጣል፣ ካሮ አለው፣ ካሮ የሚሉት እዚህ አህያ የሚጎትተውን ጋሪ ነው፣ ላዩ ላይ በርሜል ተጋድሟል። ውሃው የሚቀዳው ከዶንኪ ነው፣ ዶንኪ ማለት በሞተር የሚሳብ ጉድጓድ ነው። ናፍጣ ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፣ በሠራ ቀን ደግሞ ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሰው ብዙ ነው፣ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ታዲያ ደሳለኝ ዶንኪው እምቢ ሲለው ከኮሩ መቅዳት ጀመረ። ኮር ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። እሱ አልነገረኝም። አንድ ቀን በርሜሉን ሳጥብ ከሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ አገኘሁ፣ ላዩ ላይ እንደ ዘይት ያብለጨልጫል።

«ይሄ ምንድን ነው የማሂ አባት?»

«ምን ይሆናል? አፈር ነዋ።»

«አፈር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ሸብ ጨምሬበት ረግቷል፣ ጠርቷል። ለማሂ እንደሆነ ከዶንኪ አመጣላታለሁ።»

ሸብ የሚለው የደፈረሰ ውሃ የሚያጠራውን ነጭ ድንጋይ ነው። ለማሂ ያመጣላታል፣ ይሄ እውነት ነው። ዶንኪው በሠራ ሰዓት ተጋፍቶ አንድ ጄሪካን ያመጣል፣ እኔም ከበር ጀርባ አስቀምጠዋለሁ፣ ሰው እንዳያየው ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ። ሰፈሩ ከበርሜሉ ይጠጣል፣ እኛ ከበር ጀርባ እንጠጣለን። ዱቄታችን የሚገዛው በበርሜሉ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ለተብርሃን ከትግራይ ተሰዳ የመጣች ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ሕፃኑ ልጇ ያስቀምጠው ነበር፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ቆንጠጥ ሲያደርጉት አይመለስም። ከጤና ጣቢያ በጥብጠሽ አጠጪው ብለው የጨው ዱቄት ሰጥተዋታል። የምትበጠብጥበትን ውሃ የምትገዛው ከእኛ ነው። የቀዳሁላት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ታዲያ በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሳር በተሠራችው ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠናል፣ ለተብርሃንም ልጇን ታቅፋለች። አያ ታከለ በወጣትነታቸው ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው፣ በጉልበታቸው ጊዜ እሳቸውም ውሃ ሻጭ ነበሩ። አንዱ ስለ ውሃ መወደድ ሲያማርር ሰሙና ጀመሩ።

«በኛ ጊዜ፣» አሉ፣ «በኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ውሃ ሻጭ ማለት ጠጪ ማለት ነበር። አትሳቁ! አረቄውን ማለቴ አይደለም፣ እሱም ነበረ፣ እሱን ተዉት። እና አገር ቤት እንዴት ነው? ጠላ የሚቀዳው ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ለእንግዳው ይሰጣል፣ አይደለም እንዴ? ታዲያ ያን ጊዜ እዚህ ሰፈር የጎንደር ሰው ብዙ ነበርና ውሃውንም እንደ ጠላው አደረጉት። ሻጩ ሳይቀምስ ማን ይገዛዋል! እና እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ድምፃቸው የሎሪ ጡሩምባ ነው። ጣሳ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ‹ታከለ!› ‹አቤት እትዬ!› ‹ቅመስ!› ‹እትዬ፣ አሁን ጎረቤት ቀምሼ መምጣቴ እኮ ነው።› ‹የጎረቤት ጣሳ ለኔ ምኔ ነው? የኔን ቅመስ!› እና እቀምሳለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ቀጥዬ ወደ ሐጂው ቤት። ይሄን ነገር ሱዳኖቹም ለመዱታ! ሐጂው ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ ‹ያ ታከለ፣ አሽረብ!› ጠጣ ማለታቸው ነው። ታዲያ በየቤቱ አንድ ጣሳ፣ በየቤቱ አንድ ጣሳ፣ እና ቤቴ ስገባ የበርሜሉ እኩሌታ ሆዴ ውስጥ ነው፣ በተራመድኩ ቁጥር ቦጭ ቦጭ፣ ቦጭ ቦጭ! ሚስቴ ከጓዳ ሆና ድምፁን ትሰማና ‹በርሜሉን ምነው ወደ ቤት አስገባኸው?› ትለኛለች።»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ለተብርሃን እንኳ ሳቀች፣ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ። እኔም ሳቅሁ።

«አያ ታከለ፣ ያኔ ውሃው ከየት ነበር?» አለች ለተብርሃን።

«ከኮሩ ነዋ ልጄ! አሸዋውን ቆፈር ስታደርጊው ከሥር ኩልል ያለ ውሃ ይመጣ ነበር። ዛሬ ሂዱና እዩት። ባለፈው በዚያ ሳልፍ አንዱ ሹፌር ሎሪውን መሃል አቁሞ የተቃጠለ ዘይት ይደፋል፣ እና ምን ይለኛል መሰላችሁ? ‹አባቴ፣ ፈቀቅ ይበሉ፣ ልብስዎን እንዳይነካዎት።› አያችሁ? ለልብሴ አዘነ፣ ለሆዴ አላዘነም! ዝቅ ስትሉ የሰሊጥ እርሻ ልጆች አሉ፣ የአረም መድኃኒት የሚረጩበትን እቃ እዚያው ያለቀልቁታል። ‹ምነው ልጆቼ?› ብላቸው ‹አባባ፣ የቀረችው ጠብታ ናት እኮ› አሉኝ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይሞላና ጎርፉ ጠርጎት እዚያው ይገባል፣ ሰዉ በዛ፣ ጉድጓዱ አልበዛ! ታዲያ ክፉ ሰው ነው ያበላሸው አልልም። ሁሉም ‹የኔ ትንሽ ናት› ይላል። እና ከታች ያለው ሰው የሁሉንም ትንሽ ባንድ ጣሳ ይጠጣታል።»

«አፍልቶ ቢጠጣስ?» አለች ለተብርሃን፣ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ።

«ማፍላት ጥሩ ነው፣ ለሆድ በሽታው ፍቱን ነው፣ ሁሌም አፍይ። ናፍጣውንና የአረሙን መድኃኒት ግን እሳት የት ያደርገዋል? ሞቅ አድርጎ ያጠጣሻል እንጂ።»

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው ደሳለኝ ካሮውን እየነዳ የደረሰው። አህያውን አቆመና ላቡን ጠረገ። ለተብርሃን ገና ከሳቁ አልወጣችም፣ የእትዬ አልጋነሽን ድምፅ አወጣች፦

«ደሳለኝ! ቅመስ!»

ሰዉ ተቀበላት። «ቅመስ! ቅመስ! አሽረብ!»

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አለ ደሳለኝ እየሳቀ። ነገሩን ነገሩት። ጣሳውን አነሳ፣ ከበርሜሉ ቀዳ፣ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ ሸቡ ሠርቷል። ወደ አፉ አስጠጋና ቆመ።

«ጥርሴን ያመኛል፣» አለ፣ «ቀዝቃዛ አይሆንልኝም።»

«ቀዝቃዛ?» አሉ አያ ታከለ፣ «ፀሐይ ሲቀቅለው የዋለ በርሜል! አንተ ልጅ፣ ሰበብህን እንኳ አሳምረው!»

ሌላ ሳቅ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ ግን እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ታዲያ ማሂ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ከእግሩ ሥር ብቅ አለች። «ባባ፣ ለኔ!» ብላ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘች፣ እሱም ለቀቀላት፣ እጁ ፈዘዘ መሰለኝ፣ እሷም ወደ አፏ ወሰደችው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። መታሁት ጣሳውን። በጥፊ ነው የመታሁት፣ ልጄ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፣ ጣሳው ተንከባሎ አህያው እግር ሥር ቆመ፣ ውሃውን መሬት ጠጣው።

ሳቁ ቆመ። ማሂ አለቀሰች። እና ልጅ አይደለች? ልጅ ምን ያውቃል? እያለቀሰች፣ ሁሉም እየሰማ፣

«እማ ጠማኝ! የበር ጀርባውን ስጪኝ!» አለች።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ለተብርሃን ቀስ ብላ ተነሳች፣ ልጇን በክንዷ ላይ አስተካክላ አጠገቤ መጣች፣ አልጮኸችም፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሓፍተይ፣» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ለልጅሽ ያልሆነ ውሃ ለልጄ እንዴት ሆነ?»

አያ ታከለ ዱላቸውን ፈልገው ተነሱ፣ ፊታቸው ተለዋውጧል። «እኔ ልጄ፣ ለጨዋታ ብዬ ነው፣» አሉኝ፣ «ማርያምን፣ ለጨዋታ ብዬ ነው።» እኔ ያፈርኩት ሳያንስ እሳቸውንም አሳፈርኳቸው።

ቤት ከገባን በኋላ ደሳለኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«ዶንኪው ከቆመ ምን ልሽጥ? አየር ልሽጥ?»

«ቢያንስ ከኮሩ ነው ብለህ ብትነግራቸው።»

«ብነግራቸው ይገዙኛል?» ዞር ብሎ አየኝና፣ «አንቺስ? አንቺ ምነው አልነገርሻቸውም?»

ጠዋት ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። መጡ። ጄሪካናቸውን እንደ ድሮው ደረደሩ፣ ሌላ ውሃ የላቸውማ። ማንም አልሰደበኝም። የቀዳሁላቸው አንገቴን ደፍቼ ነው፣ እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። ለተብርሃን መጨረሻ ላይ መጣች።

«ዛሬ ከየት ነው?»

«ከዶንኪ ነው!» አለ ደሳለኝ ከአህያው ወዲያ።

«አንተን አልጠየቅኩም። እሷ ትንገረኝ።»

ደሳለኝ የወጣው እኔ ሳልነሳ ነው፣ ከየት እንደቀዳ አላየሁም። «አላውቅም፣» አልኳት። የማሂን ጄሪካን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ለጨው ዱቄቱ። ተቀበለችኝ። አመሰግናለሁ አላለችም፣ ልትልም አይገባትም። ስትሄድ ዞር ብላ «እንግዲህ ጠዋት ጠዋት የምጠይቀው አንቺን ነው፣» አለችኝ። ሌሎቹም ቆመው ሰምተዋታል፣ እነሱም ልጅ አላቸው።

ታዲያ ይኸው ነው። ደሳለኝ «ከየትም ይሁን ከዶንኪ ነው በያት፣ አለዚያ ካሮውን ሸጠን ልንለምን ነው» ብሎኛል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለልጁ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከኮሩ ነው ካልኩ ቤቴ ይፈርሳል፣ ከዶንኪ ነው ብዬ የኮሩ ቢሆንስ? የዚያ ሕፃን ዓይን ገና አልሞላም። እናንተ የምታነቡ፣ ከኔ የተማራችሁ፣ ከኔ በዕድሜ የበለጣችሁ እናቶች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ፣ አትዘግዩብኝ፣ እሷ የምትመጣው በጠዋት ነው።